ትኩሳትን ከካንሰር ጋር ያገናኙት ሐኪም

ሙቀት ካንሰርን ያድናል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ታካሚዎች አሉ። ለመልሱ የአንድ ቀዶ ሐኪም ሕይወት ይረዳናል።

ዶክተር ዊልያም ኮሊ እ.ኤ.አ. በ1862 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት ተወለዱ። በ1888 ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው በኒውዮርክ ሥራ ጀመሩ። ገና ጀማሪ ሳሉ እጇ ላይ ካንሰር የወጣባት ወጣት ሴት ወደ እርሳቸው መጣች። እጇ ቢቆረጥም ካንሰሩ በመላ ሰውነቷ ተሰራጭቶ በጥር 1891 ሞተች። ኮሊ ሐዘኑ አልወጣላቸውም።

ሌላ መላ ፍለጋ የሆስፒታሉን የቆዩ መዝገቦች አገላበጡ። አንገቱ ላይ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ዕጢው እየተመለሰ ያስቸገረውን የአንድ ስደተኛ ታሪክ አገኙ። ሰውየው ብርቱ ትኩሳት ያለው የቆዳ ኢንፌክሽን ይዞት ካገገመ በኋላ ዕጢው ጠፍቶ ነበር። ኮሊ በድሆች ሰፈር ዞረው ፈለጉት፤ ከዓመታት በኋላም በጤና ሲኖር አገኙት።

በዚያው ዓመት ሕያው ባክቴሪያ ለታካሚዎች መውጋት ጀመሩ። የአንዳንዶቹ ዕጢ ሟሸሸ፤ በኢንፌክሽኑ የሞቱም ነበሩ። በዚህ ምክንያት ወደ ሞቱ ባክቴሪያዎች ዞሩ። ውጤቱ ግን ከሰው ሰው ይለያይ ስለነበር ብዙ ባልደረቦቻቸው አላመኗቸውም፤ የጨረር ሕክምናም ቦታውን ወሰደ። ኮሊ በ1936 አረፉ። ልጃቸው መዝገቦቻቸውን ሰብስበው በ1953 የካንሰር ምርምር ተቋም መሠረቱ። ዛሬ ኮሊ የሰውነትን የመከላከል አቅም በማነቃቃት ካንሰርን የማከም ዘዴ ፈር ቀዳጅ ተደርገው ይታያሉ።

ሙቀትም በሌላ መንገድ ለሕክምና ውሏል። የማይክሮዌቭ ሞገድ በሰውነት ውስጥ ያለውን ውሃ በማንቀሳቀስ ሙቀት ይፈጥራል። ከ40 እስከ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ዕጢ በጨረርና በአንዳንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ይበልጥ ይጎዳል። በመሆኑም ይህ ሙቀት የሚሰጠው ከእነዚህ ሕክምናዎች ጋር እንጂ በእነርሱ ምትክ አይደለም። በሌላ ዘዴ ደግሞ፣ ጉበት ላይ ያለ ትንሽ ዕጢ ውስጥ ቀጭን መርፌ ገብቶ ከ60 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይቃጠላል። ሁለቱም በባለሙያ ክትትል በልዩ መሣሪያ የሚሰጡ ናቸው።

ስለዚህ ዕጢን በፍል ውሃ ወይም በጋለ ነገር ቤት ውስጥ ለማከም አይሞክሩ። ቆዳን ያቃጥላል፤ የመዳኛ ጊዜንም ያባክናል።

ከሁሉም በላይ፣ ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሰው ሲያተኩሰው መድኃኒቱ እየሠራ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚቀንስ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። የሰውነቱ ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ኬሞቴራፒ ላይ መሆኑንም ለሐኪሙ ንገሩ።