ባስልዮስ በአቴና ተማሪ ሳለ

በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ የወደቀውን ንጉሥ በጦር የሚወጋውን የቅዱስ መርቆሬዎስን ሥዕል ያላየ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ያለ አይመስለንም። የተወጋው ንጉሥ ከሐዲው ዑልያኖስ ነው። በኅዳር 25 ቀን ስንክሳር ሲነበብ እንደምንሰማው፣ ንጉሡ የወደቀው ቅዱስ ባስልዮስ በመርቆሬዎስ ሥዕል ፊት ቆሞ በጸለየ ጊዜ ነው። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን የጸለየውም ሆነ የተጸለየበት ሰው በወጣትነታቸው በአንዲት ከተማ፣ በአቴና፣ የተማሩ መሆናቸውን ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምናየው ጳጳሱን ባስልዮስን ሳይሆን ተማሪውን ባስልዮስን ነው። (ዘመኑን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።)

ባስልዮስ በ330 ገደማ በቀጰዶቅያ ቂሣርያ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ በቱርክ አገር ካይሴሪ ትባላለች። አያቱ ማክሪና በስደት ዘመን ከባሏ ጋር በጳንጦስ ጫካ ለሰባት ዓመት ያህል ተሸሽጋ የኖረች ሴት ነበረች። አባቱ የንግግር ጥበብ መምህር ነበር። ልጁ በቂሣርያ፣ ከዚያም በቍስጥንጥንያ ተማረና ሃያ ዓመት ባለፈው ጊዜ በዚያን ዘመን ከፍተኛ ትምህርት ወደሚገኝባት ወደ አቴና ወረደ። የጓደኛው የጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ አባት ጳጳስ ነበር። ጎርጎርዮስ ከእስክንድርያ ተነሥቶ በመርከብ ሲሄድ ማዕበል ሊያሰጥመው ደርሶ ነበር፤ በመጨረሻ ግን አቴና የገባው ከባስልዮስ ቀድሞ ነው።

የአቴና ተማሪዎች ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበር የምናውቀው ከራሱ ከጎርጎርዮስ ነው። እያንዳንዱ መምህር የራሱ የተማሪ ጭፍራ ነበረው። ጭፍሮቹም መንገዱንና ወደቡን እየጠበቁ አዲስ የሚመጣውን ልጅ፣ ወደደም ጠላ፣ ወደ መምህራቸው ይወስዱታል። አዲሱ ልጅ በመጀመሪያ በክርክር ይፈተናል፤ አንዳንዱ በጨዋነት፣ አንዳንዱ በስድብ ያፋጥጠዋል። ከዚያም ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተሰልፈው ልጁን በገበያው መካከል ወደ መታጠቢያ ቤት ይወስዱታል። በሩ አጠገብ ሲደርሱ እብደት እንደ ያዛቸው እየዘለሉ ይጮኻሉ፣ በሩን ይደበድባሉ፣ ልጁንም ያስደነግጡታል። በኋላ ይከፈትና ይገባል፤ ታጥቦ ሲወጣ እንደ እኩያቸው ይቀበሉታል። ይህ ሁሉ ለማያውቀው አስፈሪ፣ ለሚያውቀው ጨዋታ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ያየ አንባቢ በዚህ ብዙ የሚገረም አይመስለንም።

ባስልዮስ ሲደርስ ጎርጎርዮስ አስቀድሞ በየተማሪው ዘንድ እየሄደ ስለ ትምህርቱና ስለ ጠባዩ ተናገረለት። ስለዚህ ከአዲሶቹ ሁሉ ከዚህ ሥርዐት የዳነ እርሱ ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል። የወዳጅነታቸው መጀመሪያ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ጎርጎርዮስ ያልሸሸገው ሌላ ነገር አለ፤ እኛን ከሁሉ ይበልጥ የነካንም ይህ ነው። ከአርመን አገር የመጡ፣ ባስልዮስን ከአባቱ ዘመን ጀምሮ የሚያውቁት ተማሪዎች ወዳጅ መስለው ቀረቡትና በክርክር ሊያዋርዱት ሞከሩ። እነርሱ የቆዩ ተማሪዎች ሲሆኑ እርሱ ገና መምጣቱ ነበር። ባስልዮስ ሲረታቸው ጎርጎርዮስ ከተሸናፊዎቹ ጋር ወግኖ ተከራከረ። የአቴና ክብር በአንድ አዲስ ልጅ ሲነካ ዝም ብሎ ማየት አልሆነለትም። ባስልዮስን ስለ ጠላ አልነበረም፤ የሰፈሩ ነገር ስለ ያዘው ነው። ጥቂት ቈይቶ ግን የክርክሩ ሥር ቅናት መሆኑን ተረዳ፤ በዚያው መካከል ዞሮ ከወዳጁ ጋር ቆመ። አርመኖቹም እንደ ከዳተኛ ቈጥረው ጠሉት።

እኛም ዩኒቨርሲቲ በገባንበት በመጀመሪያው ወር ከገጠር የመጣ አንድ ልጅ በአነጋገሩ ሲሣቅበት አብረን ሥቀናል። ማንም አላስገደደንም፤ ልጁንም አልጠላነውም። ሌላው ስለ ሣቀ ሣቅን። ከዚያ ወዲህ ልጁ በመመገቢያው አዳራሽ ለብቻው ይቀመጥ ነበር፤ የዓመቱ አጋማሽ ሳይደርስም ትምህርቱን አቋርጦ ሄደ። በእኛ ሣቅ ምክንያት ነው ለማለት አንችልም፤ አይደለም ለማለትም አንደፍርም። ጎርጎርዮስ መካከል ላይ ዞረ፤ እኛ ግን አልዞርንም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ከዚያ በኋላ ባስልዮስ በአቴና አዘነ፤ የሰማላትንና ያያትን አንድ ሆነው አላገኛቸውም። የሰው ጠባይ በአንድ ቀን እንደማይታወቅ እየነገረ ያጽናናው ጎርጎርዮስ ነው። ቤታቸውም ማዕዳቸውም አንድ ሆነ። ሁለት መንገድ ብቻ ያውቁ ነበር ይባላል፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ወደ መምህራን። የበዓሉን፣ የቲያትሩንና የግብዣውን መንገድ ለሌሎች ተዉት። ይህ ሲባል ግን ከሰው ተለይተው በራቸውን ዘግተው ተቀመጡ ማለት አይደለም። ከተማሪዎቹ መካከል ጭምቶቹን እንጂ ጠበኞቹን አልተወዳጁም፤ በዙሪያቸውም ብዙ ወዳጅ ተሰበሰበ።

ዑልያኖስ ወደ አቴና የመጣው በ355 ነው። ጎርጎርዮስ አይቶታል፤ አንገቱ የማይጸና፣ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ የሚቅበዘበዝ ወጣት አድርጎ ሥሎታል። በክርስትና አድጎ በቤተ ክርስቲያንም አንባቢ ሆኖ ያገለገለው ይህ ልጅ አቴና ከመግባቱ በፊት፣ ማክሲሞስ ከተባለው ፈላስፋ ጋር በኤፌሶን በገጠመው ወዳጅነት ልቡን ለጣዖታት ሰጥቶ ነበር፤ የሚያሳየው ግን ሌላ ነበር። ቤተሰቡን በልጅነቱ የፈጀበት የክርስቲያን ንጉሥ ቤት መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። በ361 ከነገሠ በኋላ፣ በ362፣ ክርስቲያኖች የግሪክን ጽሑፍ እንዳያስተምሩ በአዋጅ ከለከለ። እንግዲህ ኃጢአቱን ሁሉ በከተማይቱ ላይ መጫን አይቻልም።

የመለያየቱ ቀን ሲደርስ ጓደኞችም መምህራንም ሁለቱን ከበቡአቸው፤ ለመኑ፣ አለቀሱ፣ በግድም ያዙ። ባስልዮስ ምክንያቱን አስረድቶ በጭንቅ ተለቀቀ። ጎርጎርዮስ ግን በልቅሶው ተሸንፎ ቀረና ከጊዜ በኋላ ተደብቆ ወጣ። ሰው በስድብ ብቻ ሳይሆን በፍቅርም ይታሰራል።

አቴና ግን ከባስልዮስ ጋር ቂሣርያ ድረስ ተከትላ ሄዳለች። በ356 ገደማ ሲመለስ በአንደበቱ ተመክቶ የአገሩን ሹማምንት እንኳ የሚንቅ ወጣት ሆኖ ነበር። ይህን የጻፈው ጠላት ሳይሆን የገዛ ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነው። ታላቅ እኅቱ ማክሪና (ስሟ የአያቷ ነው) ከዚህ መለሰችው። አቴና ያልሄደች፣ በእናቷ ቤት እንጀራ በእጇ የምትጋግር ሴት ነበረች። ባስልዮስ ተጠመቀ፤ በግብፅ፣ በፍልስጥኤም፣ በሶርያና በመስጴጦምያ ያሉትን መነኮሳት ዞሮ አየ፤ ከዚያም በጳንጦስ በወንዝ ዳር በምነና ተቀመጠ። ጎርጎርዮስም መጥቶ አብሮት ከረመ፤ በኋላ በጻፈለት ደብዳቤ በዚያ በበሉት ደረቅ ዳቦና ፍግ ተሸክመው በደከሙበት አትክልት ቀልዶበታል።

የቀረውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ370 የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ፤ ለድሆችና ለሕሙማን ትልቅ ማረፊያ ሠራ፤ ከንጉሡ ከቫሌንስ ሹም ፊት ሳይፈራ ቆመ፤ ከ14ቱ ቅዳሴያትም አንዱ በስሙ ይጠራል። ወጣቶች የግሪክን መጻሕፍት እንዴት ማንበብ እንደሚገባቸውም ጽፎላቸዋል።

ነገር ግን አንድ ነገር ሳንጽፍ ብናልፍ ታሪኩን ማሳመር ይሆንብናል። በ372 የቀጰዶቅያ አገር ለሁለት በተከፈለ ጊዜ፣ ባስልዮስ ግዛቱ እንዳይወሰድበት አዳዲስ ጳጳሳትን ሾመ፤ ጎርጎርዮስንም ሳሲማ በምትባል ስፍራ እንዲሾም ግድ አለው። ሳሲማ ውኃም ልምላሜም የሌላት፣ ሦስት መንገድ የሚገናኝባት፣ ትቢያና የሠረገላ ጩኸት የሞላባት ጣቢያ ነበረች። ጎርጎርዮስ እንቢ ማለት አቅቶት ተሾመ፤ ወዲያው ግን ሸሸ። በአቴና ከጭፍራው ያዳነው ሰው አሁን በወዳጁ እጅ ተገፋ። ቍስሉ እስከ መጨረሻው አልሻረለትም።

ባስልዮስ በ379 መጀመሪያ ዐረፈ። ጎርጎርዮስ በሕመም ምክንያት ለቀብሩ አልደረሰም። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ወደ ቂሣርያ ሄደና ስለ ወዳጁ ረጅም የመታሰቢያ ንግግር አደረገ። በዚያ ንግግር ስለ አቴና ሲናገር ሰፊ ጊዜ ወሰደ፤ መታጠቢያ ቤቱን፣ አርመኖቹን፣ ሁለቱን መንገዶች አንድ በአንድ አነሣ። ሳሲማንም አልተወም።