ልዑል ዓለማየሁ፦ ፊቱ የታወቀ፣ አጽሙ ያልተመለሰ

አፄ ቴዎድሮስ መናገሻቸው ባደረጓት በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ መድፍ አሠርተዋል። ሆኖም በእርግጠኝነት የእርሳቸው ነው የሚባል ፎቶግራፍ የለም፤ መልካቸውን የምናውቀው ከሰዓሊ እጅ ነው። የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ ፊት ግን በፎቶግራፍ ቀርቷል፤ ያነሡትም አባቱን የወጉት አገር ሰዎች ናቸው።

ልዑሉ በሚያዝያ 1853 ዓ.ም ከእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ተወለደ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም መባቻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲያቀኑ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን አባቱ ራሳቸውን ሠዉ። በግንቦት ደግሞ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ እናቱ መንገድ ላይ ዐርፈው ጨለቆት ተቀበሩ። ቀደም ሲል አፄ ቴዎድሮስን ያገለገለውና አማርኛ የሚናገረው ካፒቴን ስፒዲ፣ በአገሬው አጠራር ባሻ ፈለቀ፣ ልጁን ይዞ ባሕር ተሻገረ።

በሐምሌ ወር፣ ዋይት በተባለችው የእንግሊዝ ደሴት፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ፎቶግራፍ አንሺ ከካሜራዋ ፊት አስቀመጠችው። በዚያ ዘመን መስታወት በመድኃኒት ተቀብቶ ሳይደርቅ ወደ ካሜራው ይገባል፤ ተነሺውም ብርሃኑ ምስሉን እስኪያትም ሳይነቃነቅ ይጠብቃል። ብልጭ ብሎ የሚያልፍ ፈገግታ በእንዲህ ዓይነቱ መስታወት ላይ አይቀርም። በልጁ ዓይን የሚታየው ኀዘን ግን በሥራው አዝጋሚነት ብቻ የመጣ ነው ለማለት ያስቸግራል። ስፒዲም የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ፣ ጦርና ጋሻ ይዞ ተነሥቷል።

ምስሎቹ ለሽያጭ ቀረቡ። በደጋው ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የሟች ዘመድ ወይም የተመረቀ ልጅ ፎቶግራፍ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ግን ዋጋውን የከፈለ ሁሉ የማያውቀውን የንጉሥ ልጅ ቤቱ ሊያኖር ቻለ።

ንግሥት ቪክቶሪያ ልጁን ወደዱት። ከስፒዲ ተለይቶ ራግቢ ተማረ፤ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤትም ገብቶ ነበር፤ አልሆነለትም። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም ሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም በ18 ዓመቱ ዐረፈ። ዊንድዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ።

በኢትዮጵያ ሚሊኒየም ዋዜማ መንግሥት አጽሙ እንዲመለስ ጠየቀ። በ2015 ዓ.ም የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በዚያው ያረፉ የሌሎች ሰዎችን አጽም ሳይነኩ ማውጣት እንደማይቻል ገልጾ ጥያቄውን አልተቀበለም። በመስከረም 2016 ዓ.ም ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ የተመለሰችው የጸጉሩ ዘለላ ናት።