ዐባስ ኢብኑ ፊርናስ፦ ጅራት የረሳው በራሪ

ከራይት ወንድማማቾች 1000 ዓመት ያህል ቀድሞ፣ በገዛ እጁ በሠራው ክንፍ አየር ላይ የተንሳፈፈ ሙስሊም ነበር። ዐባስ ኢብኑ ፊርናስ ይባላል። ዘሩ በርበር፣ አገሩ አንደሉስ (የዛሬዋ ስፔን) ሲሆን፣ በኡመውያ አሚሮች ዘመን በቁርጡባ ኖሯል። ገጣሚ ነበር፤ የውሃ ሰዓት ሠርቷል፤ ከድንጋይ መስተዋት የማውጣትን ብልሃትም አግኝቷል።

አንድ ቀን ሰውነቱን በላባ ሸፈነ፤ ሁለት ክንፍ አሰረና ከከፍታ ላይ ራሱን ለአየር ሰጠ። ደህና ርቀት ተንሳፈፈ። ችግሩ ማረፉ ላይ ነበር፤ ሲወርድ ጀርባው ክፉኛ ተጎዳ። ወፍ ስታርፍ ጅራቷን እንደምትጠቀም ልብ ስላላለ ለራሱ ጅራት አልሠራም ነበር። ዛሬ በጓሯቸው ትንሽ አውሮፕላን የሚገጣጥሙ ሰዎችም አፍንጫዋን ቀና አድርገው በዝግታ የሚያሳርፏት አብዛኛውን ጊዜ በጅራቷ ነው። (የኢንጂነሪንግ ልጆች ያስረዷችሁ!)

ዐባስ በ274 ሒጅራ (887 እ.ኤ.አ.) አረፈ፤ አላህ ይዘንለት። ታሪኩን በዝርዝር ያቆየልን አል-መቅቀሪ ከ700 ዓመት በኋላ የመጣ ጸሐፊ ስለሆነ የሚጠራጠሩ አሉ። ሆኖም የዘመኑ ገጣሚ ሙእሚን ኢብኑ ሰዒድም ስለ በረራው ስንኝ ቋጥሯል። ሙእሚን ደግሞ በዐባስ ሥራዎች የሚያላግጥ ባላንጣው ነበር፤ እኔ ምስክርነቱን የምቀበለውም ለዚሁ ነው።