ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ

አልፎንሱ ሜንዴዝ በ1571 ዓ.ም. በፖርቱጋል አገር ተወለደ። ትምህርቱ የበዛ ሰው ነበረ። በሮማው ጳጳስ የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ተብሎ ተሾመና በ1617 ዓ.ም. በአፋር በረሓ በኩል ገባ።

ከርሱ አስቀድሞ የነበረው ቄስ ጴጥሮስ ፓኤዝ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ፥ የሰውን ልማድ አክብሮ፥ ዐፄ ሱስንዮስን ቀስ በቀስ ወደ ሃይማኖቱ ስቦ ነበር። ፓኤዝ በ1614 ዓ.ም. ሞተ። ሜንዴዝ ግን ትዕግሥት አልነበረውም። ንጉሡ በ1618 ዓ.ም. በደንቀዝ ለሮማ ለመታዘዝ ከማለ በኋላ፥ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ አዘዘ። ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበት ተከለከሉ፤ የበዓሉና የጾሙም ቀን ተለወጠ። ሽማግሌው ገበሬ በሕፃንነቱ የተጠመቃት ጥምቀት ከንቱ ናት ሲባል፥ የሞቱት አባቶቹ ወዴት እንደ ደረሱ እያሰበ ማዘኑ አይቀርም። ስለዚህ ሕዝቡ ከአዲሱ ፓትርያርክ ልቡን አራቀ፤ ላስታም ሸፈተ።

በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል አደረገ። ነገር ግን በሜዳው የወደቁት ብዙ ሺሕ ሰዎች የገዛ አገሩ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ይህን አይቶ ልቡ ተሰበረ። በዚያው ዓመት የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጀ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ።

ሜንዴዝ መዠመሪያ ወደ ትግሬ፥ ወደ ፍሬሞና ተሰደደ፤ ኋላም ከአገር ወጣ። በሱዋኪን ቱርኮች ያዙትና ገንዘብ ተቀብለው ለቀቁት። ወደ ህንድ አገር ወደ ጎዋ ሄዶ፥ ወደ ኢትዮጵያ ጦር እንዲላክለት ለመነ፤ ጦር ግን አልተላከም። የኢትዮጵያ ፓትርያርክ እንደ ተባለ በጎዋ ሞተ።