ፓውል ኤርሊኽና የሴረም መሥፈርት

መለኪያው ራሱ የሚለዋወጥ ከሆነ የተለካው ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን እኛ መሐንዲሶች ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምናውቀው ነው። ይህን እውነት በመድኃኒት ሥራ ላይ ያዋለው ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊኽ ነበር።

ኤርሊኽ እ.ኤ.አ. በ1854 በሲሌዢያ፣ ሽትሬለን በምትባል ከተማ ተወለደ። ከተማሪነቱ ጀምሮ የሰውነትን ሕዋሳት በቀለም እየነከረ ይመረምር ነበር፤ በኋላም በርሊን ከሮበርት ኮኽ ጋር ሠራ።

በዚያ ዘመን ዲፍቴሪያ የሕፃናትን ጉሮሮ እየዘጋ ብዙ ቤት ያስለቅስ ነበር። በ1890 ቤሪንግና ኪታሳቶ የበሽታውን መርዝ የሚያከሽፍ ሴረም ከእንስሳት ደም እንደሚገኝ አስታወቁ። ይሁን እንጂ አንዱ ጠርሙስ ብርቱ፣ ሌላው ደካማ ስለነበረ ሐኪሙ በሞት አፋፍ ላሉት ሕፃናት የሚበቃውን መጠን በእርግጥ ሊያውቅ አልቻለም።

የሴረሙን ኃይል የሚመዝን መሣሪያ ስላልነበረ ሚዛኑ ሕያው እንስሳ ሆነ። 250 ግራም ያህል የሚመዝን ጊኒ ፒግ በአራት ቀን የሚገድል አነስተኛ የመርዝ መጠን እንደ መለኪያ ተያዘ፤ መርዝና ሴረም ተደባልቀው እንስሳው ይወጋና መዳኑ ወይም መሞቱ ይታይ ነበር። ነገር ግን መርዙ ሲቆይ የመግደል ኃይሉ ይደክማል፤ ከሴረሙ ጋር የመጣመር ኃይሉ ግን አይቀንስም። ኤርሊኽ ይህን የደከመ መርዝ ቶክሶይድ አለው። እንግዲህ መርዝ መሥፈርት ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ በ1897 ባወጣው ጽሑፍ ነገሩን ገለበጠው፤ መሥፈርቱ ሴረሙ ራሱ እንዲሆን አደረገ። ሴረሙን አድርቆ፣ አየር በሌለበት የመስታወት ዕቃ ዘግቶ፣ ከብርሃንና ከሙቀት ጠበቀው። ማንኛውም መርዝ በመጀመሪያ በዚህ መሥፈርት ይለካል፤ አዲሱም ሴረም በተለካው መርዝ ይፈተናል። በ1922 የመንግሥታት ማኅበር የጤና ድርጅት ይህንኑ መለኪያ ለዓለም ሁሉ ተቀበለው።

ኤርሊኽ በ1908 ከሜችኒኮፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ፤ የቂጥኝ መድኃኒት የሆነውን ሳልቫርሳንን ካስገኘ በኋላም በ1915 ዐረፈ። ልኬቱን ያዛባበት የነበረው ቶክሶይድም ውሎ አድሮ፣ በ1920ዎቹ፣ ጋስቶን ራሞን በፎርማሊን እያዘጋጀው የዲፍቴሪያ ክትባት ሆነ።

ዛሬ የክትባትን ኃይል በእንስሳ የሚፈትኑ ብዙ ዘዴዎች በሕዋስና በኬሚካል ምርመራ እየተተኩ ነው፤ የተጎዱትን እንስሳት ብዛት ለሚያስብ ሰው ይህ መልካም ዜና ነው። መሣሪያው ቢለወጥም አዲሱን ምርት ከማይለወጥ መሥፈርት ጋር ማስተያየት ግን ከኤርሊኽ የተወረሰ ሥርዓት ነው። በጠርሙስ ላይ የተጻፈ ቁጥር የሚታመነው ከጀርባው እንዲህ ያለ መሥፈርት ሲኖር ብቻ ነው።