ከዐሰበ ተፈሪ እስከ ጄኔቫ፦ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሕይወት

በምዕራብ ሐረርጌ የምናገለግል ሰዎች አንድ ሳምንት ወደ ሂርና፣ ሌላ ሳምንት ወደ በደሳና ገለምሶ ስንመላለስ ብዙ ጊዜ የምናድረው ጭሮ ነው። ከተማዋ ዛሬ በቀደመ ስሟ ትጠራለች። ሽማግሌዎቹ ግን እስከ ዛሬ ዐሰበ ተፈሪ ማለትን አልተዉም። ስሙ የራስ ተፈሪን ሐሳብ ለማስታወስ የወጣ ነው። ከተማዋን የቆረቆሩት ሰው ደግሞ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። የእኚህን ሰው ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ዛሬ በየመድረኩ የምንሰማው ክርክር ነው። አንድ ታዋቂ ዘፋኝ፣ ሯጭ ወይም ሰባኪ ስለ ተገፉ ሰዎች ሲናገር፣ እነ እገሌ ሲገፉ የት ነበርህ የሚል ጥያቄ ወዲያው ይከተለዋል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ይህን ጥያቄ በዓለም ሁሉ ፊት ተጠይቀዋል።

የተወለዱት በሸዋ በ1876 ዓ.ም. ነው። ገና በልጅነታቸው ሐረር ራስ መኮንን ቤት ገቡ፤ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተውን ሠራዊት ተከትለው ሄዱ። ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተወሰዱና በአንድ የሩሲያ መኮንን ቤት እንደ ልጅ አደጉ፤ በሴንት ፒተርስበርግም የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቋንቋውን ወደማያውቀው አገር ሄዶ ጎልማሳ ሆኖ ሲመለስ የገዛ አገሩን በእንግዳ ዓይን ማየቱ አይቀርም። ተክለ ሐዋርያትም እንደዚያ ሆኑ። የሹማምንቱ ጉቦ፣ የገባሩ ሸክምና የፍርዱ መጓተት አስቆጣቸው። ቁጣቸውን የአውሬዎችን ተረት መስሎ በቀረበው በፋቡላ ገለጡት። ፋቡላ በአማርኛ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ነው። ሹማምንቱም በአውሬዎቹ ውስጥ ራሳቸውን ስላዩ ተውኔቱ ታገደ።

በፖለቲካው መንገዳቸው ቀጥ ያለ ነበር ለማለት ያስቸግረኛል። ለልጅ ኢያሱ ቀርበው ነበር፤ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ግን ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን ካወረዱት ጋር ቆሙ።

በኋላ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው ሲሾሙ የተመኙትን አስተዳደር በተግባር የማሳየት ዕድል አገኙ። ጨርጨር ለሌላው አገር አርአያ ይሆናል ተባለ። ግብሩ የታወቀ፣ ሹሙም በደመወዝ የሚኖር እንዲሆን ሞከሩ። አዲሲቱ ከተማ የዚህ ሙከራ ማዕከል ሆነች። ሙከራው ጥሩ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከላይ የመጣ ነበር። መሬቱን የሚያርሰው የጨርጨር ኦሮሞ ስለ አስተዳደሩ ሐሳብህ ምንድን ነው ተብሎ የተጠየቀበት ጉባኤ አልነበረም።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። መሠረቱ የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ከ55ቱ አንቀጾች አንዳንዶቹ ሰው ያለ ሕግ እንዳይታሰር፣ ንብረቱም ያለ ሕግ እንዳይወሰድ ይደነግጋሉ። ዙፋኑን ለአንድ ቤተሰብ ዘር ብቻ የሚሰጠውና ንጉሠ ነገሥቱን የማይደፈሩ የሚያደርገውም ይኸው ሰነድ ነው።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ሲነሣ ተክለ ሐዋርያት አውሮፓ ውስጥ የኢትዮጵያ ወኪል ነበሩ። የአገራቸውን አቤቱታ ይዘው በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። በነሐሴ መጨረሻ ላይ የኢጣሊያ መልእክተኛ ፎቶግራፍ ያለበት ወፍራም ሰነድ አቀረበ፤ በኢትዮጵያ ባርነት ስላለ ከሠለጠኑ መንግሥታት ጋር እኩል ልትቀመጥ አይገባትም አለ። ክሱን የሚያሳዝን ያደረገው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር፤ በዚያው ዓመት አዋጅ ወጣ፤ በ1923 ዓ.ም. ሌላ ሕግ ተጨመረ። ባሪያው ግን ገና በጌታው ቤት ነበር። ከሳሹ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሊቢያን ዘላን ሕዝብ በሽቦ አጥር ውስጥ አጉሮ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው ያስጨረሰ መንግሥት ነው። ለባሪያው ተቆርቋሪ ሆኖ የመጣውም በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ወንበር ላይ አንተ ብትቀመጥ ምን ትል ነበር? አገሬ ንጹሕ ናት ብትል ትዋሻለህ፤ ዝም ብትል ወራሪውን ትረዳለህ። የኢትዮጵያ ወገን ጥረት መጀመሩን ገልጦ ጉዳዩ በማኅበሩ ሕግ እንዲታይ ጠየቀ። በክርክሩ ከተክለ ሐዋርያት ጎን የቆሙት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ፕሮፌሰር ጋስቶን ዤዝ ነበሩ። እሳቸውም ዋጋ ከፍለውበታል፤ በ1928 ዓ.ም. በፓሪስ የገዛ ዩኒቨርሲቲያቸው ተማሪዎች ለኢትዮጵያ ተከራከርህ ብለው በጩኸት እንዳያስተምሩ ከለከሏቸው።

በበኩሌ ይህን ታሪክ ሳስብ ራሴንም አልምርም። የገዛ ጉባኤዬ ምእመናን ሲነኩ ደብዳቤ ለመጻፍ ፈጣን ነኝ። አንድ ጊዜ ግን እምነታቸው ሌላ የሆነ ጎረቤቶቼ ተፈናቅለው ሲሄዱ በመስኮት አይቼ መጋረጃውን መልሻለሁ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ። ማኅበሩ ኢጣሊያን ወራሪ ብሎ ማዕቀብ ጣለ፤ ለአውሮፕላኑና ለታንኩ የሚያስፈልገውን ነዳጅ ግን ከማዕቀቡ አወጣ። የአሜሪካው ታይም መጽሔት ንጉሠ ነገሥቱን የዓመቱ ሰው ብሎ ሰየማቸው። ፊታቸውን ዓለም ሁሉ ዐወቀው፤ ጠመንጃ ግን አልመጣም።

ተክለ ሐዋርያት ወደ አገር ተመልሰው ነበር። በሚያዝያ 1928 መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ አገር ጥለው ይሂዱ የሚለው ሐሳብ ሲመጣ አጥብቀው ተቃወሙ። ባቡሩ ግን ቆላውን በሚኤሶ በኩል አልፎ ወደ ጅቡቲ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ እሳቸውም ተሰደዱ፤ የስደታቸው ዘመን ረጅሙ በማዳጋስካር አለፈ። ንጉሡ መሄድ የለባቸውም ያሉት ሰው ራሳቸው መሄዳቸው ተቃዋሚዎቻቸው የሚይዙት ነገር ሆነ። እኔ በዚህ አልፈርድባቸውም፤ ሆኖም ከታሪካቸው አላወጣውም።

ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ እሳቸው ገና ስደት ላይ ነበሩ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ ታጅበው ሲገቡ አብረው አልገቡም፤ ብዙ ዓመት ቆይተው ነው የተመለሱት። ከዚያ በኋላ ለሹመት አልሮጡም። ሂርና ላይ በእርሻቸው ተቀመጡ፤ ያረቀቁት ሕገ መንግሥት በሌላ ሲተካ፣ ያገለገሉት ዙፋን ሲወድቅ አዩ። በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን በእጃቸው ጽፈው ትተው ነበር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተመው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ጸሐፊው ከሞቱ ከ30 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።