ሙሴ ኢልግ፡ በጠመንጃ ተፈትነው ባቡር የተፈቀደላቸው መሐንዲስ

ዛሬ ለመንግሥት የጸጥታና የመከላከያ መሣሪያ መሸጥ የሚፈልግ የግል ኩባንያ ጨረታ ይገባል፣ ናሙና ያቀርባል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጨረታ አልነበረም፤ ናሙናው ግን ነበር። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው።

ኢልግ በ1854 ፍራውንፌልድ በተባለች ከተማ ተወለዱ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በዙሪክ ምሕንድስና ተምረው፣ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1879 ከሁለት የአገራቸው ባለሙያዎች ጋር አንኮበር ገቡ።

ንጉሡ ግን ድልድይ ሥራ ብለው አልጀመሩም። እንደሚነገረው መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ኢልግ ጠመንጃ ከውጭ ቢገዛ እንደሚረክስ ለማስረዳት ቢሞክሩም ሰሚ አላገኙም። ሠርተው አቀረቡ። በእኔ ግምት ምኒልክ የፈለጉት ጠመንጃውን ብቻ አልነበረም። ጠመንጃ የሚሸጥ ነጋዴ ከባሕር ዳርቻው አይጠፋም፤ የጠፋው የሚታመን ባለሙያ ነበር።

እምነቱ ከተገኘ በኋላ ሥራው ተከታትሎ መጣ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ፤ በ1894 አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ድረስ ውኃ በቧንቧ አስገቡ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ትልቁ ፈቃድ ተሰጣቸው፦ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ከፋና ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ የባቡር መንገድ፣ ለ99 ዓመት። ሸሪካቸው ፈረንሳዊው የጦር መሣሪያ ነጋዴ ሌዎን ሸፍኔ ነበሩ።

የባሕር በር በሌላው እጅ ለወደቀበት መንግሥት ባቡር ማለት ንግድ ብቻ አይደለም፤ መሣሪያ የሚገባበት፣ ጦር የሚጓጓዝበት መንገድ ነው። የጠላት ጦርም ሊመጣበት ይችላል ብለው የሰጉ መኳንንት ነበሩ። ምኒልክ ይህን እያወቁ የፈቀዱት ሥራው በግል ኩባንያ እጅ ስለሚሆንና ኢልግም ስላሉበት ይመስላል። ኩባንያው በ1896 ተቋቋመ። በ1897 የሐዲዱ ሥራ ሲጀመር ኢልግ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥት አማካሪ ሆኑ። ፈቃድ ሰጪውን የሚያማክረውም ከባለ ፈቃዶቹ አንዱም እኚሁ ሰው ናቸው ማለት ነው! ዛሬ ቢሆን የጥቅም ግጭት ተብሎ ጉድ በተባለ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከገንዘብ ነው። ኩባንያው ካፒታል አጠረው፤ የእንግሊዝ ባለሀብቶች ገቡበት፤ ይህ ያላማራት ፈረንሳይ በ1902 መጀመሪያ ዓመታዊ ድጎማ ሰጥታ በኩባንያው ላይ የቁጥጥር ሥልጣን የሚሰጣት ውል ተዋዋለች። ምኒልክ ለግል ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ ውስጥ የባዕድ መንግሥት ቁጭ ብሎ አገኙት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ ከዚያ በላይ እንዲቀጥል አልፈቀዱም። 310 ኪሎ ሜትር ያህል የሠራው ኩባንያ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከሰረ።

ለኩባንያው ቴክኒክ አልጎደለውም ነበር፤ ሐዲዱ እየሠራ ነበር። የጎደለው ኢልግ አንኮበር ላይ በአንድ ጠመንጃ ያገኙት ነገር ነው። እርሳቸውም በቤተ መንግሥት የነበራቸው ተሰሚነት እየቀነሰ ሄዶ ከ1906 በኋላ ሥራቸውን ትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በ1908 ፈቃዱ ለሌላ ኩባንያ ተሰጥቶ ሥራው ቀጠለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ኢልግ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድመው በ1916 ዙሪክ ውስጥ አርፈዋል።